ለሙከራ የተወሰደው ሰዓት

አስከሬኑ ግድቡ ጠርዝ ላይ የበግ ፀጉር ባና ለብሶ ተጋድሟል። መርማሪ ሳያየው አይነሳም ስለተባለ እዚያው አድሯል። ሌሊቱን ደግሞ ውርጭ ወርዷል።

ኢንስፔክተር እታገኝ ከመኪና ወርዳ ዳገቱን ስትያያዘው ጉልበቷ እንደ ልማዱ አስቸገራት። የመርሐቤቴ ቆላ ልጅ ናት፤ መንዝ ከተመደበች ወዲህ ሙቀት የምታገኘው በህልሟ ብቻ ነው። የዝውውር ማመልከቻ ደጋግማ አስገብታ ደጋግመው «ይታያል» ብለዋታል። አሁን ማስገባቱንም ትታዋለች።

ከግድቡ በታች ያለው የድንች ማሳ በውርጭ ተመትቶ ጠቁሯል። ቅጠሉ የተቀቀለ ጎመን መስሎ መሬት ላይ ተለጥፏል። ወደ ጥግ አንድ አረንጓዴ ነገር ቢታያትም ልብ አላለችውም። ዓይኗ እግሯ ላይ ነበር፤ እሱም አልጠቀማት። ቦዩን ስትሻገር ጫማዋ ስስ በረዶ ሰብሮ ጭቃ ውስጥ ገባ።

«ይሄ ነበር የቀረኝ» አለች ለራሷ።

ኮንስታብል ይታየው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ከሬሳው አጠገብ ቆሟል።

«እንደምን አደርክ?»

«አላደርኩም፣ ኢንስፔክተር። ሲነጋ አየሁት እንጂ።»

ባናውን ገለጠችው። ሟቹ ገብረየሱስ ይባላል፤ ሥራው ውሃ ውስጥ ጠልቆ መጠገንና ማጽዳት ነው። ከግድቡ ሥር፣ ውሃው ወደ ቦይ በሚወጣበት ቧንቧ አፍ ላይ የብረት ፍርግርግ አለ። ፍርግርጉን ደለልና ሣር ደፍኖት ገበሬው ውሃ አጣ። እሱና አሠሪው ሙሐመድሰዒድ ሊያጸዱት ከሸዋ ሮቢት መጡ። ትናንት ቀትር ሲቃረብ አንዱ ጠለቀ፤ ሌላው ዳር ላይ ገመዱን ይዞ ቆመ። የጠለቀው ሞቶ ወጣ።

«የአየር ሲሊንደሩስ?»

«ባዶ ነው። ጠብታ አየር አልቀረበትም።»

እታገኝ ጎንበስ አለች። ግራ እጁ አንጓ ላይ ሰፊ ማሰሪያ የተወው ምልክት አለ፤ የታሰረው ነገር ግን የለም። ሲሊንደሩ ራስ ላይ ደግሞ አውራ ጣት የሚያህል ጥቁር ዕቃ እዚያው የበቀለ ይመስል ተጣብቋል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እሱን እንጃ። አሠሪውን ብጠይቀው አልነገረኝም። ሞላሌ ጣቢያ አስገብተነዋል።»

ከኋላቸው አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አቶ ወዳጆ ናቸው፤ የውሃ አባት። ውሃውን በየተራው የሚያከፋፍሉት፣ የቧንቧውን መዝጊያ ቁልፍም የሚይዙት እሳቸው ናቸው። አገሩ ሁሉ ያከብራቸዋል።

«አባባ፣ መዝጊያው ክፍት ነበር?» አለቻቸው።

«ኧረ ልጄ! እነሱ ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም። ቁልፉም ይኸው፣ ከአንገቴ አልወረደም።»

«የሚያውቁት ነገር አለ?»

«ጩኸት ሰምቼ ነው የደረስኩት። ብቻ…» አሉና ወደ ውሃው ተመለከቱ። «በዚያው ጠዋት ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ሰምተናል። እኔ በሰው አልገባም።»

በሰው አልገባም የሚል ሰው ሁሉ ከወገቡ በላይ ገብቶ እንደሚገኝ እታገኝ ከሥራዋ ተምራለች። ያን ዕለት ግን ደክሟት ነበርና አለፈችው።

ጣቢያ ስትደርስ የሟቹ ሚስት ጥሩሸዋ በራፉ ላይ ቁጭ ብላ አገኘቻት። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። እንባዋ አልቆ ፊቷ ደርቋል።

«አሠሪው ነው የገደለው» አለች ሳትነሳ። «በሰዓቱ ምክንያት።»

«የምን ሰዓት?»

ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየቻት። ገብረየሱስ እየሳቀ ግራ እጁን ወደ ካሜራው ዘርግቷል። እጁ ላይ ሰፋ ያለ ጥቁር ሰዓት አለ።

«ለጠላቂ የተሠራ ኮምፒውተር ነው። ሲሊንደሩ ላይ የምትታሰር ትንሽ ዕቃ አለችው፤ የቀረውን አየር እሷ ትልክለታለች። ‹ይሄ ካለኝ በሰላም እገባለሁ› እያለ ስንት ጊዜ ለመነው! ‹የአንድ ዓመት ሥራችንን የሚበላ ጌጥ አልገዛም፤ የድሮው የአየር መለኪያ ጌጅ ይበቃሃል› አለው። በመጨረሻ ከአዲስ አበባ ነጋዴ ለሙከራ ለመነና አመጣው። ይህን ሥራ በሱ ሠርተው፣ ይገዛ ወይስ ይመለስ ብለው ሊወስኑ ነበር።»

«አሁን ሰዓቱ የት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! እሱን ጠይቁት እንጂ!»

ሙሐመድሰዒድ የምርመራው ክፍል ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ግዙፍ ሰው ነው። መዳፎቹ በገመድ ተልጠው በጨርቅ ታስረዋል። እታገኝ እነዚያን እጆች አየችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ሰዓቱን የት አደረግኸው?»

ሰውየው የእጁን ጨርቅ ጠመዘዘ።

«ላኪዋ ሲሊንደሩ ላይ ቀርታለች። ተቀባዩን ነው የምጠይቅህ።»

አንገቱን ይበልጥ ደፋ።

«ስማ ሙሐመድሰዒድ፣ ጉልበቴን ያመኛል፤ ጫማዬም ርሷል። ሚስቱ ገዳይ ትልሃለች። መንደሩ ሁሉ ስትጨቃጨቁ ሰምቷል። ሰውየው በባዶ ሲሊንደር ሞቷል። ዕቃውን ደግሞ ከሬሳ እጅ ፈትተሃል። አቃቤ ሕጉ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?»

ሰውየው ቀና አለ። ዓይኑ ደም መስሏል።

«በአየር መሙያው ኮምፕረሰር ማጣሪያ ሳጥን ውስጥ ነው።»

«ለምን ደበቅኸው?»

«ሲሊንደሩን የሞላሁት እኔ ነኝ።» ወደ እጆቹ ተመለከተ። «ኮምፕረሰሩ አርጅቷል። ከፍታው ላይ ሲሆን ደግሞ ያስላል። ትናንት ጠዋት እያንቃረረ ነው የሞላው። ‹ይበቃል› አልኩና አጠፋሁት። የጠዋቱም ጭቅጭቅ እሱ ነበር፤ ‹ሞልቷል አልሞላም› ስንባባል። ባዶውን ሰጥቼ የሰደድኩት እኔ ብሆንስ? ያ ዕቃ ሁሉን ያውቃል። አላየሁትም። ማየት አቃተኝ።»

ይታየው ሄዶ ሰዓቱን አመጣው። እታገኝ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ወደ ሰውየው ገፋችው።

«ክፈተው።»

«እባክዎ…»

«ክፈተው አልኩህ። ይህን ፍርሃት ይዘህ እስር ቤት ብትገባ እዚያም አይለቅህም።»

በተላጡ ጣቶቹ ነካካው። ትንሿ መስታወት በራች። ሁለት መስመሮች ወጡ፤ አንዱ ጥልቀት፣ አንዱ አየር። ሙሐመድሰዒድ ለረጅም ጊዜ አፈጠጠ።

«ምን አየህ?»

«ሙሉ ነበር» አለ እያለቀሰ። «ሲገባ ሲሊንደሩ ሙሉ ነበር። አልሀምዱሊላህ… ሙሉ ነበር።»

እታገኝ ትንሽ ጠበቀችው። ሰው እንደዚህ ሲያለቅስ መቸኮል አትወድም።

«ታዲያ አየሩ የት ሄደ?»

እንባውን ጠርጎ እንደገና አየ። አሁን የባለሙያ ዓይን ነው።

«መጀመሪያ ቀስ እያለ ነው የወረደው። እየሠራ ነው፤ ትንፋሹ የተረጋጋ ነው። እዚህ ጋ ግን…» ጣቱ ቆመ። «ጥልቀቱ አልተነቃነቀም። አንድ ቦታ ደርቋል። አየሩ ደግሞ ተምዘግዝጎ ወረደ። ሰው እንደዚህ የሚተነፍሰው ሲታገል ነው። አንድ ነገር ይዞታል።»

«ደለል?»

«ደለል እንደዚህ አይዝም። ከዚያ አየሩ ካለቀ በኋላ ነው ወደ ላይ የወጣው፤ እኔ ስጎትተው።»

«አንተ ምን ተሰማህ? ገመዱ ላይ።»

«ደጋግሞ ሳበኝ፤ አውጣኝ ማለት ነው። ጎተትኩ። ግንብ የምጎትት መሰለኝ። እጄ ተላጠ። ጮህኩ፣ የሰው ያለህ ብዬ ጮህኩ። ከዚያ በድንገት ገመዱ ላላ።»

«ከጮህክ በኋላ?»

«አዎ። እንደ ምንም ተከትሎኝ መጣ።»

እታገኝ ወንበሩ ላይ ተደገፈች። ሰው ጩኸት ሲሰማ ይለቃል፤ ደለልና ግንብ ግን ጆሮ የላቸውም። እርጥብ ጫማዋን አየች። በረዶው ጫማዋ ሥር ኮሽ ሲል ትዝ አላት። በረዶ ደግሞ ያለ ውሃ አይሠራም። መዝጊያው ሥራው ከተጀመረ ወዲህ ካልተከፈተ፣ ያ ቦይ ውሃ ከየት አመጣ?

«መዝጊያው ቢከፈት ፍርግርጉ ጋ ያለ ሰው ምን ይሆናል?»

ሙሐመድሰዒድ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይመጠዋል። ግድቡ ሙሉ ውሃ ጀርባው ላይ ይቆማል። አሥር ሰውም አያላቅቀው።»

ወደ ግድቡ ስትመለስ ጀምበር ዘቅዘቅ ብላለች። በዚህ ጊዜ እግሯን አላየችም፤ ማሳውን አየች። የጎረቤቱ ሁሉ ድንች ጠቁሮ ተኝቷል። ጥግ ላይ ያለው አንድ መደብ ግን ለምልሞ ቆሟል። ቦዩ ወደሱ ይታጠፋል፤ አፈሩም ገና እርጥብ ነው። የገበሬ ልጅ ናትና ሲነገራት አልጠበቀችም። ከውርጭ በፊት ውሃ የጠጣ መሬት ሙቀቱን አቅፎ ያድራል።

መንደሩ ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ በዚያ መደብ አጠገብ ወጥቷል፤ ወርዷል። ሁሉም አይቷል፤ ሁሉም ገብቶታል። ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። እታገኝን ከጉልበቷ ይልቅ ያደከማት ይሄ ነው።

አቶ ወዳጆ መደቡ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ስትመጣ አልተነሱም።

«የማን ነው፣ አባባ?»

«የእኔ።»

«ያምራል።»

ሽማግሌው አንድ ቅጠል ቆርጠው አገላበጡ።

«ትናንት ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱ ቆሞ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «እንደዚያ ሲሆን ሌሊቱን ምን እንደሚወርድ አውቃለሁ። ለዘር ያቆየሁት ይሄ ብቻ ነው። ይሄ ከሄደ የሚቀጥለው ዓመት የለኝም።»

«ለምን አልጠየቋቸውም? ውጡልኝ ቢሏቸው ይወጡ ነበር።»

«በይፋ ከከፈትኩ ሁሉም ውሃ ይላል። ተራው የእኔ አልነበረም። የውሃ አባት ያለ ተራው ውሃ ወሰደ ልባል?» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቀትር ላይ ወጥተን እንበላለን ሲሉ ሰምቻለሁ። የወጡ መሰለኝ።»

«መሰለኝ?»

«የመዝጊያው መሪ ያለው ከግንቡ በስተጀርባ ነው። ዞሬ አላየሁም። ማየት ነበረብኝ።»

«ከዚያስ?»

«ትንሽ አዞርኩት። ውሃው ግልብጥ ብሎ መጣ። እሰይ፣ ልጁ አጸዳው አልኩ። መረቅሁት፤ እጁን ይባርክ ብዬ መረቅሁት።» ቅጠሉን ከእጃቸው ጣሉ። «ከዚያ ውሃው ቀነሰብኝ።»

እታገኝ የሚመጣውን አወቀችውና ባልሰማሁት አለች።

«ደለሉ ተመልሶ የደፈነው መሰለኝ። ስለዚህ… ጨመርኩት። መሪውን እስከ መጨረሻው አዞርኩት።»

ውሃውን የደፈነው ደለል አልነበረም። ሁለቱም ያንን ያውቃሉ፤ ሁለቱም አልተናገሩትም።

«ጩኸቱን ስሰማ ዘጋሁ። ግንቡ ላይ ወጥቼ ሳየው ገባኝ። የሸፈንኩበትም ባና የራሴ ነው። ሌላ የማደርግለት አልነበረኝም።»

«ነበርዎት። እውነቱን መናገር ይችሉ ነበር። ሌላ ሰው አሳስረው፣ በእሱ ላይ ነገር ጠቁመው ወደ ቤትዎ ገቡ።»

«እሱ እንግዳ ነው» አሉ ሽማግሌው በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፤ ከአፋቸው ሲወጣ ራሳቸውም አፈሩበት። ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ሰጧት። አቶ ወዳጆን ይታየው በክንዳቸው ደግፎ ዳገቱን አወጣቸው። የእጅ ካቴናውን እታገኝ ኪሷ ውስጥ ተወችው።

ጣቢያ ሲደርሱ ጥሩሸዋና ሙሐመድሰዒድ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ነገሩን ለሁለቱም አንድ ላይ ነገረቻቸው። ጥሩሸዋ ሰምታ ስትጨርስ የሰውየውን የታሰሩ እጆች አየች፤ ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

«ይቅር በለኝ» አለች ከነጠላው ውስጥ።

«እኔን ማሪኝ» አለ እሱ።

የሙሐመድሰዒድ ስልክ ጮኸ። ይታየው ከሌሎች ዕቃዎቹ ጋር እየመለሰለት ነበር። የነጋዴው ድምፅ እስከ በሩ ተሰማ።

«ኧረ የሙከራው ጊዜ አልፏል! ያን ሰዓት ምን ወሰናችሁ? ትገዙታላችሁ ወይስ ትመልሱታላችሁ?»

ሙሐመድሰዒድ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዕቃ አየ። መስታወቷ ጠፍታለች።

«እገዛዋለሁ» አለና ዘጋው።

እታገኝ ጫማዋን አውልቃ ካልሲዋን እየጠመዘዘች ነበር።

«ተመልሰህ ልትጠልቅ ነው?»

«አይ። ከእንግዲህ ውሃ አልገባም።»

«ታዲያ ምን ያደርግልሃል? እሱንም አላዳነው።»

«አላዳነውም። አየሩ ሲያልቅ እያየ ነው የሞተው።» ሰዓቱን አንስቶ በማሰሪያው አጠፈውና ለጥሩሸዋ ሰጣት። «ግን አብረን ልንወስን ተስማምተን ነበር። እሱ ከወሰነ ቆይቷል፤ የቀረሁት እኔ ነበርኩ።»