ሬዲዮው ቀድሞኝ ተናገረ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ የሚዋጥልኝ ሰው አይደለሁም፣ ጓደኞቼ ስለ መንፈስ ሲያወሩ «እንቅልፍ አጥታችሁ ነው» ብዬ የምስቅ ነኝ፣ ሥራዬም ሬዲዮ ስለሆነ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ይኼኛውን ግን በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማሁት፣ እመኑኝ።

ዲላ ውስጥ የውይይት ፕሮግራም አዘጋጅ ነኝ። የዚያን ቀን ከሰዓት ርዕሳችን በፌስቡክና በቴሌግራም ሰው ስለሚያሳስቱ ወሬዎች ነበር፣ የመረጥኩት ደግሞ ለራሴ ብዬ ነው፣ አልዋሽም። ታናሽ ወንድሜ ታሪኩ ሞተር ነጂ ነው፣ የታመመ የጎረቤት ልጅ ሐኪም ቤት ሲያደርስ አንዱ ፎቶ አንስቶ «ልጅ አፋኝ ነው» ብሎ ለጠፈው፣ ሰው ሁሉ ተቀባበለው፣ ታሪኩም ፈርቶ ከዲላ በላይ ወዳለችው ደጋ፣ ወደ ቡሌ ወጣ፣ ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም። እናቴ እህል በአፏ አልዞረም። እኔም ጨንቆኝ «ፎቶው ውሸት ነው፣ ወንድሜን ያያችሁ በእናታችሁ አትንኩት» ብዬ ለመንኩና የአስተያየት መስመሩን ከፈትኩ።

መቼም የእኛ አገር አድማጭ ሬዲዮውን ሳይዘጋ ነው የሚደውለው፣ ድምፁ ሲተላለፍ መስማት ይፈልጋላ፣ ስለዚህ የራሴ ድምፅ ከጀርባው ዘግየት ብሎ ይመለስብኛል፣ «ሬዲዮዎን ይቀንሱ» ማለት የዘወትር ሥራዬ ነው። አንድ ሽማግሌ ከቡሌ ደወሉ። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይሰማል፣ ከዝናቡ ሥር ደግሞ የእኔ ድምፅ «አባቴ፣ ሬዲዮዎን ይቀንሱ» ይላል። እኔ ገና አላልኩትም ነበር።

በመስተዋቱ በኩል ቴክኒሻኑን ብርሃኑን አየሁት፣ እሱም ማዳመጫውን አውልቆ ያየዋል።

«አባቴ፣ ሬዲዮዎን ይቀንሱ» አልኩ፣ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ።

«እሺ ልጄ፣ ቀነስኩ። እኛ ያንን ፎቶ አምነን ነበር፣ አጠፋን። እግዜር ያጽናህ» አሉኝ፣ እንደ ብዙ የአካባቢው አዛውንት እኔን ሴቷን በወንድ እየጠሩ።

«ለምኑ ነው የሚያጽናኝ?»

«ለወንድምህ ነዋ። አሁን ራስህ በሬዲዮ ነገርከን እኮ።»

ቀነስኩት ካሉት ሬዲዮ ውስጥ የእኔው ድምፅ፣ ለቅሶ ዘግቶት፣ «የወንድሜን አስከሬን ያነሳችሁልኝ የቡሌ ወገኖቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ። መስመሩ ተቋረጠ።

ቅጂውን ከብርሃኑ ጋር ደጋግመን ሰማነው፣ ሁሉም አለበት፣ እኔ ግን ከጣቢያችን እንዲያ ያለ ነገር ተናግሬ አላውቅም። «ዛሬ የሰው ድምፅ መሥራት ምን ያቅታል፣ አንዱ ተጫውቶብሽ ነው» አለኝ ብርሃኑ። ይሁን እላለሁ፣ ታዲያ ከአፌ ያልወጣውን ማን ቀድሞ አወቀው? በሽማግሌው ቁጥር ብንደውል አይነሳም።

ዘመዶቻችንና የቡሌ ሰዎች እስከ ዛሬ ወንድሜን ይፈልጉታል፣ አየሁት የሚል የለም፣ ሞቷል የሚልም የለም። እኔም ከዚያ ወዲህ ማይክ ፊት አልተቀመጥኩም። እናቴ «ልጄን የሚፈልጉልኝን ሰዎች በሬዲዮ አመስግኚልኝ» እያለች ትለምነኛለች። እሺ እላታለሁ፣ አልሄድም። ያቺን ምስጋና እኔ እስካልተናገርኳት ድረስ ወንድሜ ታሪኩ አልሞተም።