ያሳለፍኩት አስደሳች ክረምት

«አንተስ የትኛውን መረጥክ?» አሉ አቶ የኔሰው፣ ወረቀቱን በልብስ መስፊያ መኪናቸው ላይ ዘርግተው።

ባንተአምላክ ጊዜ አላጠፋም። «ባሕር ዳር። የሳይንስ ካምፑን።»

አባቱ ፈገግ ብለው ፈረሙለት። ከዚያ ሁለተኛውን ወረቀት፣ የስርጉትን፣ አነሱ። አላነበቡትም። ለአራት አጠፉና ቁርጥራጭ ጨርቅ በሚያስቀምጡበት ካርቶን ላይ አኖሩት።

ስርጉት የረሷት መስሏት ትንሽ ጠበቀች። «አባባ፣ የእኔስ?»

«የአንቺማ የታወቀ ነው። አክስትሽ አራስ ናት። ሞጣ ትሄጃለሽ።»

ወረቀቱን ያዘጋጁት ቢቸና ተወልደው ሌላ አገር ሥራ የያዙ ሰዎች ናቸው። ከስምንተኛ እስከ አሥረኛ ክፍል ያሉ ልጆች ሦስት ሳምንት ወጥተው እንዲያርፉ ወጪውን ሸፍነዋል። ምርጫው ሦስት ነው፦ ባሕር ዳር የሳይንስ ካምፕ፣ መርጡለ ማርያም የግዕዝና የዜማ ትምህርት፣ ወይም ጮቄ ተራራ ላይ ድንኳን ተክሎ የወፎችና የዕፅዋት ጥናት። «ተማሪው ይመርጣል፤ ወላጅ ይፈርማል» ይላል ከላይ በደማቁ። የስርጉት ተራ ሲደርስ ግን የመጀመሪያው ግማሽ ተዘለለ።

«ባንቴ ለምን አይሄድም ሞጣ?» አለች።

ባንተአምላክ ሳቀ። ዕድሜው አሥራ ስድስት ነው፤ ከእሷ ሁለት ዓመት ይበልጣል። «እኔ አራስ ቤት ገብቼ ምን ልሠራ? ገንፎ ላገንፋ?»

እናቷ ወይዘሮ ይርጋነሽ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ቀና አላሉም።

«ደግሞ ሞጣን ትወጃት የለም እንዴ?» አሉ አቶ የኔሰው። እጃቸውን ወደ መደርደሪያው ሰደው ዳዊታቸውን ገለጡና ከመሐሉ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «አንቺው አይደለሽ የጻፍሽው? ‹ያሳለፍኩት አስደሳች ክረምት›። ስሚ፤ ‹ሞጣ ስደርስ አክስቴ በደስታ ተቀበለችኝ። ከልጆቿ ጋር ስጫወት፣ ከተማዋን ስጎበኝ፣ ክረምቱ እንደ አንድ ቀን አለፈ።›»

ስርጉት ፊቷ ጋለ። ድርሰቱ የእሷ ነው። መምህር ሀብተ ሥላሴ አሥር ከአሥር ሰጥተውት በወላጆች ቀን በማይክሮፎን አንብበውታል። አባቷም ያን ዕለት ከወንበራቸው ተነሥተው አጨብጭበዋል።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። አምስተኛ ክፍልን በጨረሰችበት ክረምት የአክስቷን የስንዱን ሕፃን አዝላ ከረመች። በስድስተኛው የአክስቷ ቤት ሲሠራ፣ ለግንበኞቹ ቁርስና ምሳ እየሠራች ስታመላልስ ከረመች። በሰባተኛው አክስቷ ምግብ ቤት ከፈተችና ስርጉት ዓይኗ እስኪያብጥ ሽንኩርት ስትልጥ ከረመች። ከተማዋን ጎበኘሁ ያለችው ወፍጮ ቤት ስትመላለስ ያየችውን ነው። ስትመለስ ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ «ዕረፍት እንዴት ነበር?» ይላታል። ዕረፍት! ሥራ ብለው ቢልኳት ኖሮ እንኳ ይህን ያህል ባልተቃጠለች። ደክማ መጥታ ደግሞ ያረፈች መምሰል አለባት።

*

ሰኞ ዕለት ትምህርት ቤት ስትደርስ ንዴቷ አልበረደም ነበር። ጓደኛዋ ሰርካለም ከቧንቧው አጠገብ ቆማ ሁሉንም ሰማቻትና አፏን ያዘች።

«ቆይ፣ ያ ድርሰት ፉገራ ነበር ማለት ነው? አቦ፣ እኔ እኮ ቀንቼብሽ ነበር!»

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ? አንቺ አዲስ አበባ ሄድኩ ብለሽ ጻፍሽ። ሌላዋ ጎንደር። እኔ ሽንኩርት ላጥኩ ልበል?»

«እና አሁን ማን ላይ ነው የምትናደጂው?» አለች ሰርካለም። «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ ለራሷ አሳጠረች አሉ። አባትሽ ያነበቡትን አመኑ።»

ስርጉት ልትሰድባት ፈለገች። ደግሞ እውነቷን መሆኑ ይበልጥ አናደዳት። ትታት ቀጥ ብላ ወደ መምህራን ክፍል ሄደች።

መምህር ሀብተ ሥላሴ ደብተር እያረሙ ነበር። «ምነው ስርጉት? ወረቀትሽን አመጣሽ? ረቡዕ መዝጊያው ነው።»

«አላመጣሁም፣ መምህር። ሞጣ ሊልኩኝ ነው።»

«ሞጣንማ ትወጂያለሽ። ድርሰትሽን እኮ ለሰባተኞቹም እንደ ምሳሌ አንብቤላቸዋለሁ።»

«ውሸት ነው!» አለች። ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ወጣ፤ ሌሎቹ መምህራን ቀና አሉ። «አንዱም እውነት የለበትም። ስሠራ ነው የከረምኩት።»

መምህሩ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ቅር እንዳላቸው ፊታቸው ላይ ይታያል። «ታዲያ ለምን ውሸት ጻፍሽ?»

«እርስዎ ‹አስደሳች ክረምት› ብላችሁ ጻፉ ስላሉን ነዋ! አስደሳች ያልሆነበትስ? ርእስ የለውም፤ ዜሮ ነው የሚያገኘው።»

ይቆጡኛል ብላ የጠበቀችው ቁጣ አልመጣም። መምህር ሀብተ ሥላሴ ደብተሩን ዘጉና «ርእሱን ሳወጣ ይህን አላሰብኩም» አሉ። «ጥፋቱ የእኔም ነው። ግን ፈራሚው እኔ አይደለሁም። አሁን ለእኔ የነገርሽኝን ለአባትሽ ንገሪያቸው።»

ለአባቷ መንገር! ለመምህሩ መናገር ቀላል ነበር። አባቷ ግን ያን ወረቀት ዳዊት ውስጥ ነው ያስቀመጡት።

*

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አቶ የኔሰው ሱሪ እየሰፉ ነበር። ባንተአምላክ ሻንጣውን አውጥቶ ዚፑን ይሞክራል። ጉዞው ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል፤ እሱ ግን ከአሁኑ ባሕር ዳር ደርሷል። እናቷ ለአራሷ የሚላከውን የገብስ ዱቄት ይነፋሉ።

ስርጉት ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች። «አባባ፣ ድርሰቱ ውሸት ነው።»

መኪናው ቆመ። «የቱ ድርሰት?»

ነገረቻቸው። ሕፃኑን፣ ግንበኞቹን፣ ሽንኩርቱን፣ ወፍጮ ቤቱን። ቀስ ብላ ልትጀምር አስባ ነበር፤ አልሆነላትም። «ሦስት ክረምት!» አለች በመጨረሻ። «እትዬ ስንዱን እወዳታለሁ። ሥራውንም አልጠላሁም። ግን ሥራ ነው! ለእሱ ‹የትኛውን መረጥክ› ይሉታል፤ ለእኔ ሥራውን ዕረፍት ብለው ይሰጡኛል።»

አቶ የኔሰው መነጽራቸውን አወለቁ። «ታዲያ ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም? እዚያው አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ።»

«አጨበጨቡ እኮ፣ አባባ።»

አቶ የኔሰው ጣቶቻቸውን በመስፊያው ጎማ ላይ አድርገው ወደ መሬት አዩ። ስርጉት አባቷን ስታሳዝን ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ቢሆንም የተናገረችውን መመለስ አልፈለገችም።

«እኔን ግንደወይን አጎቴ ሚስት ዘንድ ሲልኩኝ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር» አሉ ወይዘሮ ይርጋነሽ ድንገት፣ ወንፊቱን ሳያስቀምጡ። «ስመለስ ‹ወፈርሽ› አሉኝ እንጂ የጠየቀኝ አልነበረም። ይቺም ስትመለስ ‹ወፈርሽ› ያልኳት እኔው ነኝ። እጇን እያየሁ!» ከዚያ ወደ ባላቸው ዞሩ። «ስንዱን እኔ ሄጄ አርሳታለሁ፤ እስከ ክርስትናው።»

«ቤቱስ?» አሉ አቶ የኔሰው።

«ቤቱማ የእናንተም ነው። ባንቴ እስኪሄድ ሁለት ሳምንት አለው። እጅም አለው።»

ባንተአምላክ ሻንጣውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። «እኔ ወጥ መሥራት የት አውቃለሁ?»

«እኔም አላውቅም ነበር» አለችው ስርጉት። «ግንበኞቹ እየሰደቡኝ ነው የተማርኩት።»

አቶ የኔሰው የታጠፈውን ወረቀት ከካርቶኑ ላይ አነሡ። መኪናው ላይ ዘርግተው እጥፋቱን በመዳፋቸው ደጋግመው ለማቃናት ሞከሩ። እስክሪብቶ ያዙና ቀና ብለው አዩዋት።

«በይ እሺ። የትኛውን ትመርጫለሽ?»

ስርጉት ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለች። ሦስት ቀን ሙሉ ለምን አልተጠየቅሁም እያለች ስትብሰለሰል ነው የሰነበተችው። ብትጠየቅ ምን እንደምትመልስ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አላሰበችም። የምትወደው ተራራ ይሁን፣ ዜማ ይሁን፣ ሐይቅ ይሁን በፍጹም አታውቀውም። ይህ ከሁሉ ይልቅ አበሳጫት።

«ባሕር ዳር በያ!» አለ ባንተአምላክ። «አብረን እንሄዳለን፤ መኪናውም—»

«አንተ አትምረጥልኝ!»

ባንተአምላክ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ አፈገፈገ። እናቷ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

«ነገ እኮ መዝጊያው ነው» አሉ አባቷ፤ አሁን ድምፃቸው ለስለስ ብሏል።

«ነገ ጠዋት እነግርዎታለሁ።»

አቶ የኔሰው ሊፈርሙበት የነበረውን እስክሪብቶ ከነወረቀቱ ሰጧት። ስርጉት ተቀብላ ወደ ደጅ ወጣች። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ብርሃን ያለበት ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና፣ የመጀመሪያውን ምርጫ ከላይኛው መሥመር ጀምራ፣ ደቃቁን ጽሑፍ ሳትዘል፣ ቀስ ብላ ማንበብ ጀመረች።