የኢቪታክ ተቃዋሚዎች

ታቤያ ውሾቿን በረዶ ላይ ለሚጎተተው ሸርተቴ ጠምዳ ስትነሳ፣ የባሕሩ በረዶ ከዳር ዳር መሰንጠቅ ጀምሮ ነበር። በዚህ ወቅት በላዩ መጓዝ እብደት መሆኑን ታውቃለች። ግን ምን አማራጭ ተዉላት? ከዐሥር ዓመት በፊት ወገኖቿን ኢኑይቶቹን ከትውልድ መንደራቸው ከኢቪታክ ነቅለው ወደ ደቡብ ያጋዙት ሹማምንት፣ አሁን ደግሞ መንደሩን ከነመቃብሩ ለአደን ሆቴል ሊሸጡት ነው። አንድ ተቃዋሚ እንኳ ከተገኘ ሽያጩ ይቆማል፤ ተቃዋሚው ግን እዚያው ኢቪታክ ድረስ መጥቶ ይናገር ብለዋል። ራሳቸው ሰው አልባ ባደረጉት መንደር! እነሱ እንደሆኑ የሚሄዱት በአውሮፕላን ነው።

አብሯት የወጣው ታናሽ ወንድሟ ሬናቱስ ነው። የኢቪታክ ጸሎት ቤት ሽማግሌ የነበረ፣ ከአፉ ቃል የማይወጣ ሰው።

ከባሕረ ሰላጤው ሳይወጡ የበረዶ ውሽንፍር መታቸው። ሸርተቴውን ገልብጠው፣ ከውሾቹ ጋር ተጣብቀው አደሩ። ሰማዩ ሲጠራ ነጭ ድብ ሽታቸውን ተከትሎ መጣ። ሬናቱስ ቃታ ሳበ፤ ጠመንጃው ከሸፈ። ታቤያ የያዙትን ሥጋ በሙሉ ለድቡ ወረወረችለትና ውሾቹን ነዳች።

«እትዬ፣ ምን ልንበላ ነው?» አላት፣ ከኋላዋ እያለከለከ።

«ንዴት።»

ሲደርሱ አውሮፕላኑ በረዶው ላይ ቆሟል። ሹማምንቱና መንደሩን ሊገዛ የመጣው ባለሆቴል ጸሎት ቤቱ ውስጥ እሳት ይሞቃሉ፤ የሚነደው የምእመናኑ አግዳሚ ወንበር ነበር።

የሹማምንቱ ሰብሳቢ ከመድረኩ ሆኖ ተቃዋሚ እንዳለ ጠየቀ። ታቤያ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣትም። በዚህ ቤት ከመድረክ ለተነገረ ቃል መልስ ተሰጥቶ አያውቅም። ከዐሥር ዓመት በፊትም ሹማምንቱ መንደሩ እንደሚለቀቅ ያወጁት ከስብከት በኋላ፣ ከዚያው መድረክ ነበር። ሕዝቡ እንደ ልማዱ ዝም አለ፤ እነሱም ተስማምቷል ብለው ጻፉ። እንባዋ በብሽቀት መጣ።

ሰብሳቢው ስብሰባውን ሊዘጋ ሲል ሬናቱስ ጠረጴዛውን ከነወረቀቱ አንስቶ ወጣ። ነፋሱ ላይ፣ በረዶው መሃል አስቀመጠው።

«ሰውዬ፣ ምን መሆንህ ነው?» ብሎ ሰብሳቢው ጮኸ።

«እዚህ ኑ። መልስ ያለው እዚህ ነው።»

ወረቀታቸው እንዳይበተን እየሮጡ ተከተሉት። ሬናቱስ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እንቃወማለን። እኔም፣ እህቴም» አለ። ታቤያ ወንድሟ እንዲህ ሲናገር ሰምታ አታውቅም። የስብሰባው ጸሐፊ በብርድ በደነዘዘ ጣቱ ሽያጩ መቆሙን ጻፈ።

«ታዲያ ያኔ ለምን ዝም አላችሁ?» አለ ሰብሳቢው፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

«ያኔም ውጭ ጠርታችሁ ብትጠይቁን» አለችው ታቤያ፣ «ይህንኑ ነበር የምንላችሁ።»