ቧሂት ላይ ሸክም የተቀበለው ሰው

አዛናው ከገበያ ሲመለስ የቧሂትን ጋራ መውጣት የጀመረው በደህና ልብ ነበር። ስልቻው ውስጥ ጨው፣ በርበሬና ለልጁ ክርስትና የሚሆን ነጭ ጨርቅ አለ፤ መንገዱንም ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ያላሰበው በረዶውን ነው። ሌሊቱን የወረደው በረዶ የጓሳውን ሣር አልብሶ፣ ረጃጅሞቹን የጅብራ ተክሎች እስከ አንገታቸው ነጭ አድርጎ፣ ገደሉንና መንገዱን አንድ አድርጎታል፤ ጉሙ ከታች እየተነሣ ሁሉን ሲሸፍነው ደግሞ የሚሰማው የገዛ ኮንጎ ጫማው ቅርጭ ቅርጭታ ብቻ ሆነ።

ሳይመሽ መግባት አለበት። ሚስቱ እናንዬ አራስ ናት፤ አራስና ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን ብቻቸውን አይተዉም። ስታርሳት የሰነበተችው እናቷ ታማ ወደ ቤቷ ሄደችና ምርጫ አጣ። ክፉ እንዳይቀርባቸው ቢላዋ ከትራሷ ሥር አኑሮ፣ «ከኔ ድምፅ በቀር ለማንም እንዳትከፍቺ» ብሏት ነው የወጣው። ይህን ባሰበ ቁጥር እግሩ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ያንሸራትተዋል፤ ሲያንሸራትተው በረዶውን ይራገማል።

ከአፋፉ ሲደርስ ከኋላው ሌላ ቅርጭታ ሰማ። ሲቆም ይቆማል፤ ሲሄድ ይሄዳል። ጥቂት ቆይቶ ጋቢውን እስከ ዓይኑ የተከናነበ ሰው ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። አዛናው ደስ አለው፤ በእንዲህ ያለ ቀን ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው።

«ደህና ዋልህ፣ ወንድሜ?»

ሰውዬው እግዜር ይመስገን አላለም። «ሸክም ከብዶሃል፤ ላግዝህ» አለ እንጂ። ድምፁ ጎርናና፣ ጉንፋን የዘጋው ድምፅ ነበር።

በመንገድ ሸክም መተጋገዝ የአገሩ ወግ ነው፤ እምቢ ማለት ሰውን ሌባ ነህ እንደ ማለት ይቆጠራል። ስልቻውን አውርዶ ሰጠው። መጠያየቅም ወግ ነው። የማን ልጅ ነህ? ቤትህ በየት በኩል ነው? ሚስትህ ወለደች ወይ? ስሟስ ማን ይባላል? ይህ የመጨረሻው ትንሽ ከወግ ወጣ ያለ ቢሆንም አዛናው መለሰ። በሩን አጥብቃ እንደምትዘጋ፣ ከትራሷ ሥር ምን እንዳለ፣ ምን ብሏት እንደ ወጣ ሳይቀር ነገረው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

እየቆየ ግን ነገሩ አላምር አለው። ከእሱ አፍ እንፋሎት ሲወጣ ከሰውዬው አፍ ምንም አይወጣም። ጋቢው ውኃ እንደ ፈሰሰበት አመድ ይሸታል። ባወራ ቁጥርም ጉርናኔው እየለቀቀው፣ ድምፁ እየጠራ፣ አዛናው የሚያውቀው ሰው ድምፅ እየመሰለ ሄደ፤ የማን እንደ ሆነ ግን ሊይዘው አልቻለም። የራሱ ጉሮሮ ደግሞ ሻከረበት፤ ብርዱ ነው ብሎ ተወው።

«እኔ ልቅደም፤ አንተ ዱካዬን ተከተል» አለው ሰውዬው።

ቀደመና ጉሙ ዋጠው። አዛናው ጎንበስ ብሎ ዱካውን ሲፈልግ ከፊቱ ያለው በረዶ አልተነካም። ዞሮ ሲያይ ከኋላው ያለውም የእሱ የብቻው ዱካ ነው። ያን ጊዜ ሮጠ፤ ወደቀ፤ ተነሥቶ ሮጠ። በሐሳቡ የሚታየው ልጁ ብቻ ነበር።

ጀንበር ስትጠልቅ ደርሶ በሩን ደበደበ።

«እናንዬ! ክፈቺ፤ እኔ ነኝ!»

ከአፉ የወጣው ጎርናና፣ ጉንፋን የዘጋው ድምፅ ነበር።

ውስጥ ሕፃኑ አለቀሰ። ከዚያ የእናንዬ ድምፅ፣ «በስመ አብ! እውነትህን ነው፤ ተከትሎህ መጣ» ሲል ሰማ፤ የምታናግረው ግን እሱን አልነበረም።

«አልነገርኩሽም?» አላት ከምድጃው አጠገብ የራሱ የአዛናው ድምፅ፤ «ዝም በይው፣ ደክሞት ይሄዳል፤ ይልቅ ያንን ቢላዋ ወዲያ አርቂውና ልጁን አቀብይኝ።»