የትርሲት ትርታ

የሰው የደም ሥር ከቦታው ይነሳል ወይ? ወይዘሮ የሻሽወርቅ ይህን የሚጠይቁት ሰው በቤቱ ውስጥ አልነበረም። ክረምቱ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ከመጋረጃው ማዶ የልጅ ልጃቸው ትርሲት የቀዶ ጥገና ቁስሏ እስኪጠግግ ተኝታለች።

እናቷ በወሊድ የሞተችባትን ይህችን ልጅ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። በሕፃንነቷ ገላዋን አጥበው ሆዷን በለጋ ቅቤ ሲያሹ፣ ከእምብርቷ በስተቀኝ የሚዘል አንድ ትርታ ነበር፤ መዳፋቸው ለምዶት ኖረ። ወደ ቀዶ ጥገናው ስትገባ የሐኪሙን ኮሌታ ሊይዙ ምንም አልቀራቸው።

«ዶክተር፣ የሷ እንደ ሰው አይደለም። በቀኝ ነው የሚመታው፤ እንዳትቆርጡብኝ።»

ሐኪሙ አልሳቀባቸውም። ጨርሶ ሲወጣ፣ «እማማ፣ እውነትዎን ነው» አላቸው። «ወደ ጉበቷና ወደ ጨጓራዋ ደም የሚወስደው ቧንቧ ከሌላው ሰው በተለየ ቦታ ነው የበቀለው። አንዳንዱ እንዲህ ሆኖ ይፈጠራል። ደህና ናት፣ አይስጉ።»

ግን ሰጉ። ወደ ቤት ከመጣች ወዲህ የሆስፒታሉ የመድኃኒት ሽታ በሳሙና ቢሉ በፀሐይ አልለቅ አለ። አጥሚቱ ከኩባያው ያልቃል፤ ስትጠጣ ግን አላዩም። ከሁሉ የባሰው ትንፋሿ ነው፤ እሳቸው ያቺን ደረቅ ሳላቸውን እየሳሉ መጋረጃውን ሲገልጡ ይጀምራል፣ ሲመለሱ ይቆማል።

ዛሬ ከሰዓት፣ ዝናቡ መስኮቱን አጨልሞት ሳለ፣ ከፋሻው ራቅ አድርገው መዳፋቸውን ሆዷ ላይ አሳረፉ። በቀኝ በኩል ዝም ነው። ትርታው ከእምብርቷ በላይ፣ መሐል ላይ፣ እንደ ማንም ሰው ይመታል። ጣታቸው ወደ ቀኝ ተመልሶ ደግሞ ፈለገ።

«ምን ጠፋብሽ፣ እምዬ?»

«እዚህ ጋ ነበር…» ከአፋቸው አመለጠ።

«እዚህ?»

ከቆዳው ስር አንድ ነገር ቀስ ብሎ ተነሳ። እየመታ፣ እምብርቷን ዞሮ መጥቶ፣ ልክ ከመዳፋቸው ስር ቆመ። ልጅቷ ዐይን ዐይናቸውን እያየች ፈገግ አለች።

ወይዘሮ የሻሽወርቅ እጃቸውን ሰበሰቡ። የሳቸዋ ትርሲት እዚያው ሆስፒታል ቀርታለች፤ ማን ያምናቸዋል? ያለቻቸውን አንድ ምልክትም በገዛ አፋቸው ሰጡ። ነጠላቸውን ደርበው ከቤት ወጡ፤ በሩን እንደዘጉት ትንፋሹ ቆመ፣ በዝናቡም መሐል፣ ከመጋረጃው ማዶ፣ ያቺ የራሳቸው ደረቅ ሳል ተሰማች።