ዘግይቶ የመጣው አሚን

እመኑኝ፣ ይህ በራሴ የደረሰ ነው። እዚሁ መካነ ሰላም... በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

ጎረቤታችንን የኋላሸትን ማን እንደገደለው ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ዐቃቤ ሕጓ በሯን ዘግታ፣ "ፈይዛ፣ የምስክር ማንነት በሕግ የተጠበቀ ነው። ከመጋረጃ ጀርባ ሆነሽ ትመሰክሪያለሽ። አንቺም ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ" ብላኛለች።

ላሳደገችኝ አክስቴ ለአሚራ ብቻ ነገርኳት።

"ወላሂ፣ ከእኔ አይወጣም!" አለችኝ።

አመንኳት። ከራሴ በላይ የማምነው እሷን ነበር።

የምመሰክርበት ቀን ሲቃረብ ሼህ ጀብሪል ቤት ለዱዓ ሄድን። እዚያ ሰው ተራ በተራ ጭንቁን ይናገራል፤ ሼሁ ዱዓ ያደርጋሉ፤ ቤቱ በአንድ ድምፅ "አሚን" ይላል።

በሩ አጠገብ ፊቱን እስከ ዓይኑ በጋቢ የተከናነበ ሰው ተቀምጧል።

ማንም ሰላም አላለውም...

ጫት ሲዘረጉለት አልተቀበለም። ሁሉም መዳፉን ዘርግቶ ሲለምን፣ እሱ እጁን ከጋቢው አላወጣም።

ላማቸው የታመመችባቸው አዛውንት ተናገሩ። ልጇ ዓረብ አገር የጠፋችባት እናት ተናገረች።

ከዚያ... አክስቴ ተነሳች።

እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች።

"ይችን ልጄን ዱዓ አርጉላት። የኋላሸትን የገደለውን ያየችው እሷ ናት። ማክሰኞ ፍርድ ቤት ቆማ ትናገራለች። አላህ ከክፉ ይጠብቅልኝ!"

"አሚን!" አለ ቤቱ።

ሰዎቹ ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ...

ከሁሉም ዘግይቶ፣ ከበሩ በኩል፣ ቀስ ያለ ድምፅ መጣ።

"አሚን..."

ሰውየው መዳፉን ዘርግቷል። እኔን ነው የሚያየው።

"ምን አደረግሽኝ?" አልኳት በሹክሹክታ።

"ምን አደረግሁሽ? ዱዓ እኮ ነው!"

"ምለሽልኝ ነበር..."

"ለአላህ ነው የነገርሁት፣ ልጄ።"

ገዳዩ ክፉ እንደሚያስብብኝ አውቅ ነበር። እሷ ግን... እያቀፈችኝ አሳልፋ ሰጠችኝ። ከፍርሃቱ ይልቅ ይህ አንገበገበኝ።

ቀና ስል በሩ አጠገብ ማንም የለም።

"ሼሃችን፣ እዚያ የነበረው ሰው ማን ነው?"

ሼሁ ግራ ገባቸው። "ከእናንተ ጋር የመጣ አልነበረም እንዴ?"

ተንደርድሬ ወጣሁ። የሰው ሁሉ ጫማ ደጃፉ ላይ ተደበላልቋል። የእኔ የለም።

ግቢው መሀል ጫማዬን ለብቻው አገኘሁት። ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ ወደ ፍርድ ቤቱ መንገድ ዞሯል።

አክስቴ ከኋላዬ መጥታ ቆመች።

ሁለቱም ጫማዎች እስከ አፋቸው በአፈር ተሞልተዋል... ገና አሁን ከመቃብር ጉድጓድ በወጣ፣ እርጥብ አፈር።