ጣሳው ውስጥ የጮኸው ኩሽኔታ

በጅን ወሬ የምስቅ ሰው ነበርኩ፣ ጅን አለበት በሚባለው የጥንቱ ሐርላ ከተማ ፍርስራሽ መሃል ብቻዬን አድሬ ከትንኝ በቀር የነካኝ የለም፣ ስለዚህ ይህን የማወራላችሁ ወሬ አምሮኝ አይደለም፣ አቦ፣ ጨንቆኝ ነው!

በደርግ ጊዜ ነው። ሚስቴ ዘይነባ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ቀኗ ደርሷል፣ ሐኪሙም «ልጁ በእግሩ ነው የሚመጣው፣ ምጥ እንደጀመራት ሆስፒታል ካላደረስካት ሁለቱንም ታጣለህ» ብሎኛል፣ አሮጌዋ መኪናዬ ደግሞ በዚያው ሳምንት ጅራቷ እንደተረገጠ ድመት መጮህ ጀመረች። የሞተሩን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ወጥሮ የሚይዘው ኩሽኔታ አልቋል፣ እሱ ከለቀቀ ሞተሩ አበቃለት።

ጎረቤቴ አብዲ መካኒክ ነው፣ ግን ከምሳ በኋላ ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ከተቀመጠ መንግሥት ቢገለበጥ አይነሳም። «አዲሱን ራስህ ግጠመው፣ ቡሎኑን በጣትህ ብቻ ያዘው፣ ማጥበቁን ለእኔ ተወው» አለኝ ከምንጣፉ ላይ። በዚያ ሐሩር፣ ብረቱ እጄን እየጠበሰኝ ገጠምኩ፣ አሮጌውን ኩሽኔታ መኪናዋ አጠገብ ባለው መደርደሪያ ላይ ያለ ባዶ የወተት ጣሳ ውስጥ ጣልኩት። ማምሻውን «አጠበቅከው?» ስለው «ወላሂ አጥብቄዋለሁ!» አለኝ፣ አመንኩት።

በማግስቱ ከሰዓት ዘይነባን ምጥ ያዛት። ደግፌ አስገብቻት ቁልፉን ልጠመዝዝ ስል ያ ጩኸት መጣ። ሞተሩ ሳይነሳ እኮ ነው! ወርጄ ባይ ከጣሳው ነው፣ ኩሽኔታው ብቻውን ይሽከረከራል፣ እመኑኝ፣ ነፋስ የለ፣ ሰው የለ። ስይዘው ይቆማል፣ ስለቀው ይጮኻል።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ እየሞትኩ አንተ ከጣሳ ጋር ትጫወታለህ?» አለች ዘይነባ።

ተናድጄ፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ኮፈኑን ከፈትኩ። ቡሎኑ በጣቴ እንደያዝኩት ነበር። አብዲ ለካ ያጠበቀው በምርቃናው ነው! የቡሎን መፍቻ አምጥቼ ጠበቅ አደረግኩት፣ ጣሳው ጸጥ አለ፣ በሰዓቱ ደረስን፣ ልጄ ፋጡማ ተወለደች።

ዘይነባ ጣሳውን ማየት ስላስጠላት ከነኩሽኔታው ቀፊራ ገበያ ወስዳ ለብረት ገዢ ሰጠችው። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ሙሉ ምንም አልሰማሁም።

ዛሬ ጠዋት ፋጡማ በዚያችው መኪና ልጇን ይዛ ሐረር ልትሄድ ስትል፣ ባዶው መደርደሪያ ጮኸ። ሦስት ጊዜ ፈታሁ፣ ሦስት ጊዜ አሰርኩ፣ አንድ የላላ ቡሎን የለም። «አባ፣ ቁልፉን ስጠኝ፣ ረፈደብኝ እኮ!» ትለኛለች። ምን ብዬ ልንገራት? ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፣ መደርደሪያው አሁንም ይጮኻል።